የጠመንጃ ውታፍ

ዛሬ የምናየው ጠመንጃ ጥይት የሚጎርሰው ከኋላው ነው። የድሮው ጠመንጃ ግን የሚጎርሰው በአፈሙዙ በኩል ነበር። በ1868 (እ.ኤ.አ.) በመቅደላ አጠገብ ከእንግሊዞች ጋር የተዋጉት የአፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች ከያዙት ጠመንጃ ብዙው እንዲህ ያለ ነበር።

አጎራረሱ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ ባሩድ በአፈሙዙ ይጨመራል። በላዩ ላይ ውታፍ ይገባል። ከዚያ አረሩ ይከተላል። ሁሉም በዘንግ እየተገፋ እስከ ታች ድረስ ይወርዳል።

ውታፉ ለምን አስፈለገ? ቅል በደንብ ካልተወተፈ ውሃው ይፈስሳል፤ አይደለም እንዴ? የባሩድም ነገር እንዲሁ ነው። ባሩድ ሲቀጣጠል ጋዝ ይወጣዋል። አረሩን የሚገፋው ይኸው ጋዝ ነው። ውታፉ ልል ከሆነ ጋዙ በጎን ያመልጣል፤ አረሩም ጉልበት ያጣል። አረሩ እስከ ታች ሳይወርድ ከባሩዱ ርቆ ከቀረ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ብረቱ ሊያብጥ ወይም ሊፈነዳ ይችላል።

ታዲያ ውታፍ ከምን ይሠራል? ተደብድቦ የጠጠረ የበግ ጠጉር ጥሩ ነው፤ ቶሎ በእሳት አይያያዝም። የጥጥ ጨርቅ፣ ቆዳና ወፍራም ወረቀትም ያገለግላሉ። ጨርቁ ሞራ ወይም ሰም ሲቀባ የባሩዱን ጥላሸት ያለሰልሳል። ናይሎን ግን አይሆንም፤ ቀልጦ ከብረቱ ጋር ይጣበቃል። ደረቅ ወረቀትና ጨርቅ ደግሞ እንደ ኩበት ውስጥ ውስጡን ይጨሳሉ። ከአፈሙዙ ወጥተው ደረቅ ሣር ላይ ቢወድቁ ቃጠሎ ያስነሳሉ። ፍም በብረቱ ውስጥ ከቀረ ደግሞ የሚቀጥለውን ባሩድ በተኳሹ እጅ ላይ ያቀጣጥላል። ስለዚህ እንደገና ከመጎረሱ በፊት ብረቱ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል።

የቅባቱ ምርጫ አገር ያናወጠበትም ጊዜ አለ። በ1857 (እ.ኤ.አ.) ህንድን ይገዛ የነበረው የእንግሊዝ ኩባንያ ለህንድ ወታደሮቹ አዲስ ጠመንጃ አመጣ። ባሩዱና አረሩ ቅባት በተቀባ ወረቀት የተጠቀለሉ ነበሩ። ወታደሩ ወረቀቱን በጥርሱ ቀዶ ባሩዱን ያፈስሳል፤ አረሩን እንደተጠቀለለ ያስገባል። ቅባቱ የላምና የአሳማ ሞራ ነው የሚል ወሬ ተነዛ። ላም ለሂንዱዎች የተከበረች ናት፤ አሳማ ለእስላሞች እርም ነው። በሚሩት ከተማ 85 ፈረሰኞች የተሰጣቸውን ጥይት አንቀበልም አሉ፤ ታሰሩም። ግንቦት 10 ቀን (እ.ኤ.አ.) ጓደኞቻቸው ተነሡ። ሕዝቡ ሌላም ብዙ ብሶት ነበረበትና አመፁ በሰሜን ህንድ ተስፋፋ። አመፁ በጭካኔ ቢጨፈለቅም የኩባንያው አገዛዝ በ1858 (እ.ኤ.አ.) ተሻረ።

እንግዲህ ለአንድ ሥራ ዕቃ ስንመርጥ ሁለት ነገር እንጠይቅ። ዕቃው ሥራውን ይችላል ወይ? በዕቃው የሚሠራውስ ሰው ተጠይቋል ወይ? ኩባንያው ሁለተኛውን ሳይጠይቅ ቀረ።