ሽሪምፑ ይግባ፣ ክሬይፊሹ ግን ይቅር

ከወላይታ ሶዶ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ቦዲቲ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ኩሬ ቆፍሮ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ለሚያረባ ገበሬ ይህ ከፍታ ፈተና ነው። ቆሮሶ ሙቀት ይወዳል፤ ውኃው ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲቀዘቅዝ መራባቱን ያቆማል፣ እድገቱም ይጓተታል። በዚህ ምክንያት ከገበሬዎች ጋር ስነጋገር አብዛኛው ወሬያችን ስለ ብርድ ነው። አሁን አሁን ግን ሌላ ጥያቄ ይዘው የሚመጡ ወጣቶች አሉ። በስልካቸው ያዩትን ሽሪምፕ የሚባል ትንሽ ቀይ የውኃ እንስሳ እያሳዩ «ይሄ እኛ ጋ ይኖራል?» ይሉኛል።

ይኖራል። ቆሮሶን የሚጎዳው ቅዝቃዜ ይህን እንስሳ ብዙም አያስቸግረውም። ቼሪ የሚባለው ሽሪምፕ ከምሥራቅ እስያ የመጣ ነው፤ ርዝመቱ ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ያለው ውኃ ቢስማማውም፣ ከዚያ ቀዝቀዝ ባለውም ያለ ማሞቂያ ይኖራል። ሴቷ ከሃያ እስከ ሠላሳ የሚደርስ እንቁላል ከጅራቷ ሥር ይዛ ለአንድ ወር ያህል በእግሮቿ እያራገበች ትጠብቀዋለች። የሚፈለፈሉት ግልገሎች ደቃቃ ቢሆኑም መልካቸው እንደ እናታቸው ነው፤ ወዲያውም አልጌ መልቀም ይጀምራሉ። ሁሉም ሽሪምፕ ግን እንዲህ አይደለም። አማኖ የሚባለው ዝርያ ግልገሉ ጨዋማ ውኃ ስለሚፈልግ ለጀማሪ አልመክረውም።

አስቸጋሪው ነገር ውኃው ነው። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለበት፤ በሰፊ ዕቃ ተቀድቶ ቢያንስ አንድ ቀን ሳያድር ሽሪምፑ ወደሚኖርበት ገንዳ አይገባም። አዲስ ገንዳ ደግሞ ተሞልቶ፣ ማጣሪያው እየሠራ፣ ትንሽ ምግብ እየተጣለበት ለአንድ ወር ያህል ያለ እንስሳ መቆየት አለበት። ከተረፈ ምግብና ከእዳሪ የሚወጣውን አሞኒያ ወደማይጎዳ ነገር የሚለውጡት ባክቴሪያዎች የሚራቡት በዚህ ጊዜ ነው። ትዕግሥት የሚያልቀውም እዚህ ላይ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር የአየር ፓምፑ ስለሚቆም፣ ገንዳው ሰፊ አፍ ያለውና የውኃ ተክል የበዛበት ይሁን፤ እንስሳቱም ጥቂት ይሁኑ እላለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ፀረ ተባይ ነው። ሽሪምፕ ከዓሣ ይልቅ ለነፍሳት የቀረበ ዘመድ ነው፤ እንደ ሸርጣን ሁሉ ዛጎሉን እየጣለ ያድጋል። ስለዚህ ትንኝን፣ ቁንጫንና መዥገርን እንዲገድል የተሠራ መድኃኒት እሱንም ይገድለዋል፤ የሚበቃውም እጅግ ጥቂት ነው። በእኛ አካባቢ ይህ አደጋ በየቤቱ አለ። የወባ አጎበር ፓይሬትሮይድ በሚባል መድኃኒት የተነከረ ነው። ያንን አጎበር የገንዳ ክዳን ወይም መረብ ማድረግ ሽሪምፑን ይፈጃል፣ ዓሣንም ይጎዳል። ላም ላይ የመዥገር መድኃኒት የረጨ እጅ በደንብ ሳይታጠብ ውኃው ውስጥ ከገባ ውጤቱ ያው ነው። ክፍሉ ውስጥ የትንኝ መርጫ የሚነፋ ከሆነ ገንዳው ቀድሞ ይሸፈን፣ ፓምፑም ይጥፋ፤ ፓምፑ የክፍሉን አየር እየሳበ ውኃው ውስጥ ይከተዋልና። ለድንችና ለቡና በሽታ የሚረጩ መዳብ ያለባቸው መድኃኒቶችም ለሽሪምፕ መርዝ ናቸው። ሽሪምፑ በአንድ ሌሊት ያለቀበት ሰው ሲመጣ አስቀድሜ የምጠይቀው ማታ ቤት ውስጥ ምን እንደተረጨ ነው።

ስለ ሽሪምፑ ትልቅ ዘመድ፣ ባለ ጥፍሩ ክሬይፊሽ፣ ለሚጠይቁኝ ግን መልሴ አጭር ነው፤ አይሆንም። በአፍሪካ ምድር፣ ማዳጋስካርን ሳይጨምር፣ የተፈጥሮ ክሬይፊሽ የለም፤ ወንዞቻችን የሚያውቁት ሸርጣንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የአሜሪካው ቀይ ክሬይፊሽ ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ገባ። የሐይቁን የውኃ ተክሎች ጨረሰ፣ መረብ ላይ የተያዘውን ዓሣ እየበላ አጥማጆችን አስቸገረ። የአውስትራሊያው ዝርያ ደግሞ ከዛምቢያ እርባታዎች አምልጦ በካፉዌ ወንዝና በካሪባ ሐይቅ ተሰራጨ። ይበልጥ የሚያስፈራው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በጀርመን የአኳሪየም ነጋዴዎች እጅ የታየው ዝንጉርጉሩ ክሬይፊሽ ነው፤ ወንድ የለውም፣ ሴቷ ብቻዋን ትራባለች። ከገንዳ ያመለጠች አንዲት ሴት አንድ ወንዝ ለመሙላት ትበቃለች። ማዳጋስካር ውስጥ እስከ ሩዝ ማሳ ድረስ ዘልቋል። ክሬይፊሽ ከገንዳ ወጥቶ ያመልጣል፣ በእርጥብ ሣር ላይም ይጓዛል፤ «ቤቴ ውስጥ ነው ያለው» የሚለው መተማመኛ አይሆንም።

የእኛ ውኃ የት እንደሚሄድ እናስብ። ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ጎርፍና ምንጭ ብላቴ ወንዝ ይገባል፤ ብላቴ ዓባያ ሐይቅ ይገባል። በዓባያ ዓሣ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ብዙ ናቸው። ጣና ሐይቅ ላይ እንቦጭ የተባለውን አረም ለመንቀል ስንት ጉልበት እንደፈሰሰ አይተናል፤ እንቦጭ በእጅ ይነቀላል፣ በጭቃ ጉድጓድ የሚኖር ክሬይፊሽ ግን በእጅ ተለቅሞ አያልቅም።

ስለዚህ ወጣቶች፣ ሽሪምፕ ለማርባት ካሰባችሁ መጀመሪያ ዝርያው ምን እንደሆነና በሕጋዊ መንገድ የገባ መሆኑን የግብርና ጽሕፈት ቤት የዓሣ ባለሙያ ጠይቁ። የገንዳ ውኃ ስትቀይሩ የጓሮ አትክልት ላይ አፍስሱት፤ ቦይና ወንዝ ውስጥ አትድፉት። ማርባቱ ከሰለቻችሁም ሽሪምፑን ለሌላ አርቢ ስጡ፤ ወንዝ ውስጥ አትልቀቁት።