ከታች የሚመረጥ ካምሻፍት፦ የጭቃ መኪና ሞተር ምን ይፈልጋል?

በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች መኪናን ሆን ብሎ ጭቃ ውስጥ መክተት የቆየ መዝናኛም ውድድርም ነው። በፍሎሪዳዋ ኔፕልስ ከተማ የረግረግ መኪኖች ውድድር በይፋ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። ዛሬ በየጭቃ ሜዳው በብዛት ከሚታዩት መካከል እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1987 የተሠሩት የሼቭሮሌት ፒክአፖች ይገኙበታል። ቁመታቸው ከፍ ተደርጎ 44 ኢንች ጎማ ይገባላቸዋል፤ ኮፈናቸው ሲከፈት ብዙውን ጊዜ የሚገኘው «350» እየተባለ የሚጠራው ባለ 5.7 ሊትር ቪ8 የቤንዚን ሞተር ነው። ባለቤቶቹ ሞተሩን ለማጠናከር ሲነሱ ቀድሞ የሚመጣላቸው ጥያቄ «የትኛውን ካምሻፍት ልግዛ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተራው ግን መጨረሻ ላይ ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ካምሻፍቱ ከሚሠራው ሥራ መነሳት ይሻላል።

በ350 ሞተር ውስጥ ካምሻፍቱ በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መካከል፣ ከክራንክሻፍቱ በላይ የተጋደመ ዘንግ ነው። ለ16ቱ ቫልቮች 16 ጉብታዎች አሉት። ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር እሱ አንድ ጊዜ ይዞራል። ጉብታው ታፔቱን፣ ታፔቱ ገፊ ዘንጉን፣ ገፊ ዘንጉ ሮከሩን፣ ሮከሩ ደግሞ ቫልቩን ይገፋል። ሮከሩ እንቅስቃሴውን አንድ ተኩል ጊዜ ስለሚያበዛው፣ ጉብታው ታፔቱን 8 ሚሊ ሜትር ካነሳው ቫልቩ 12 ሚሊ ሜትር ይከፈታል። ካምሻፍቱ የሚወስነው ይህንኑ ነው፤ ቫልቮቹ መቼ እንደሚከፈቱ፣ ምን ያህል እንደሚከፈቱና መቼ እንደሚዘጉ። «ትልቅ» የሚባለው ካምሻፍት ቫልቮቹን ለረጅም ጊዜ ከፍቶ ያቆያል፤ በዚህም የሞተሩን ጉልበት በአብዛኛው ከዝቅተኛው ዙር ወስዶ ወደ ከፍተኛው ያሻግረዋል። ከላይ የተገኘው ትርፍ ከታች የተከፈለ ነው።

ክፍያው የሚፈጸመው ማስገቢያ ቫልቩ በሚዘጋበት ቅጽበት ነው። ፒስተኑ አየርና ነዳጁን ስቦ ታች ከደረሰ በኋላም ቫልቩ ወዲያው አይዘጋም። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ወደ ሲሊንደሩ የሚጎርፈው አየር በራሱ ግስጋሴ መግባቱን ስለሚቀጥል፣ ቫልቩ ዘግይቶ ቢዘጋ ሲሊንደሩ የበለጠ ይሞላል። ሞተሩ በቀስታ ሲዞር ግን ያ ግስጋሴ የለም፤ ወደ ላይ የሚመለሰው ፒስተን የገባውን አየር ክፍት በሆነው ቫልቭ መልሶ ያስወጣዋል።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። በቴነሲዋ ሜምፊስ የተመሠረተው ኮምፕ ካምስ ለዚህ ሞተር ከሚሸጣቸው ካምሻፍቶች መካከል 262፣ 268፣ 274 እና 284 በሚል ቁጥር የሚታወቁ አራት አሉ። ቁጥሩ ማስገቢያ ቫልቩ በስንት የክራንክሻፍት ዲግሪ ያህል ክፍት እንደሚቆይ ያመለክታል። በ268ቱ ማስገቢያ ቫልቩ የሚዘጋው ፒስተኑ ከታች ከተነሳ ከ60 ዲግሪ በኋላ ነው፤ በ284ቱ ከ68 ዲግሪ በኋላ። የ8 ዲግሪ ልዩነት ትንሽ ይመስላል። በ350 ሞተር ሲሰላ ግን በመጀመሪያው ፒስተኑ ጉዞውን አንድ አምስተኛ ያህል፣ በሁለተኛው አንድ አራተኛ ያህል ከወጣ በኋላ ነው ትክክለኛው እመቃ የሚጀምረው። እመቃው በወረቀት 8.5 ለ 1 የሆነ አሮጌ የፒክአፕ ሞተር፣ ከቫልቩ መዘጋት በኋላ ያለው ብቻ ሲቆጠር በ268 ወደ 7.1፣ በ284 ወደ 6.7 ይወርድበታል። ፒስተኑና ቴስታታው ሳይለወጡ ትልቅ ካምሻፍት የገባለት ሞተር ከታች የሚልፈሰፈሰው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ጭቃው እንምጣ። የዋልካ አፈርን ጠባይ የሚያውቅ አንባቢ ችግሩን ለመረዳት አይቸገርም። ጭቃው በጎማው ጥርሶች መካከል ይሞላና ጎማውን ልሙጥ ያደርገዋል፤ ልሙጥ ጎማ ደግሞ አይቆነጥጥም። መፍትሔው ጎማውን በፍጥነት ማሽከርከር ነው። ጎማው ሲፈጥን ጭቃውን ከጥርሶቹ መካከል አሽቀንጥሮ ይጥለውና እንደገና መያዝ ይችላል። ስለዚህ ሞተሩ ከባድ ጎማዎችን በፍጥነት ማዞርና ፍጥነቱን ሳያቋርጥ ማቆየት አለበት። እዚህ ላይ ብዙዎች «እንግዲያው የሚያስፈልገኝ በከፍተኛ ዙር የሚሠራ ካምሻፍት ነው» ብለው ይደመድማሉ። ድምዳሜው ግን ግማሹን ብቻ ያየ ነው። ጭቃ እኩል አይደለም፤ በ5000 ዙር ሲያጓራ የነበረው ሞተር ጎማው ድንገት ጠንካራ መሬት ሲነክስ ወይም ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ በቅጽበት ወደ 3000 ሊወርድ ይችላል። መኪናው ማለፉ ወይም መቅረቱ የሚወሰነው እዚያ ነው። ሞተሩ በ3000 ዙር ላይ ተመልሶ የሚነሳበት ጉልበት ካለው ያልፋል፤ ከሌለው ዙሩ ይበልጥ ይወርዳል፣ ጎማው ይቀዘቅዛል፣ ጭቃው ጥርሱን ይሞላዋል፣ ቀጥሎ የሚፈለገው ጎታች ትራክተር ነው።

ይህ ዙር ስንት እንደሆነ የሚወስነው ደግሞ ካምሻፍቱ ሳይሆን ማርሹና ጎማው ነው። ባለ ሦስት ማርሹን ቱርቦ 400 አውቶማቲክ ካምቢዮ በሁለተኛ ማርሽ (1.48)፣ የኋላና የፊት ዲፈረንሻሉን 4.56፣ የፎር ሎው ማርሹን 1.96 እናድርገው። ሦስቱ ሲባዙ ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ሞተሩ 13 ጊዜ ከሩብ ያህል ይዞራል። 44 ኢንች ጎማ በአንድ ዙር 3 ሜትር ተኩል ያህል ስለሚሸፍን፣ ሞተሩ 5000 ላይ ሲሆን የጎማው ፍጥነት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚሁ መኪና ላይ የፋብሪካው 3.73 ዲፈረንሻል እንዳለ ቢቀርና አሽከርካሪው ፎር ሎው ባይጠቀም፣ ያንኑ 80 ኪሎ ሜትር የጎማ ፍጥነት የሚያገኘው በ2100 ዙር አካባቢ ነው። መኪናው ያው፣ ጎማው ያው፣ ጭቃውም ያው ሆኖ ሳለ ሞተሩ የሚታገልበት ዙር ከግማሽ በታች ወረደ ማለት ነው። ለመጀመሪያው መኪና የሚስማማው ካምሻፍት ሁለተኛውን አያነቃንቀውም።

የአራቱን ካምሻፍቶች የሥራ ክልል ከዚህ ጋር ማነጻጸር ነው። አምራቹ ለ262 ከ1300 እስከ 5600፣ ለ268 ከ1600 እስከ 5800፣ ለ274 ከ1800 እስከ 6000፣ ለ284 ከ2300 እስከ 6500 ዙር ብሎ ያስቀምጣል። የክልሉ መነሻ ሞተሩ መሥራት የሚጀምርበት እንጂ የሚጠነክርበት አይደለም፤ ስለዚህ ጭቃው ሞተሩን የሚያወርድበት ዙር ከመነሻው አንድ ሺህ ያህል ከፍ ብሎ ቢገኝ ይመረጣል። ባለ 3.73ቱ ፒክአፕ ከ262 በላይ ማሰብ የለበትም፤ ከዚያ ይልቅ ገንዘቡን ዲፈረንሻል ላይ ቢያውል ይሻለዋል። ባለ 4.56ቱ እመቃው ዝቅተኛ ከሆነና ቴስታታው የፋብሪካ ከሆነ 268 ይበቃዋል። 274 ትርጉም የሚኖረው እመቃው ወደ 9.5 ከተጠጋና ቴስታታው አየር በደንብ የሚያሳልፍ ከሆነ ነው። 284 ቀላል ክብደትና ጠንካራ ማርሽ ላለው፣ አጭር የውድድር ሜዳ ላይ ብቻ ለሚሮጥ መኪና ይተው። ሞተሩ 7.4 ሊትሩ 454 ከሆነ ስሌቱ ይቀየራል፤ ሲሊንደሩ በሰፋ ቁጥር ብዙ አየር ስለሚፈልግ፣ በ350 ላይ ከባድ የሆነው የቆይታ ልክ በ454 ላይ ለዘብ ይላል።

ትልቅ ካምሻፍትን ከሚያስመኙት ነገሮች አንዱ ድምፁ ነው። ማስወጫ ቫልቩ ሳይዘጋ ማስገቢያው የሚከፈትበት ጊዜ ሲረዝም፣ የተቃጠለው ጋዝ ከአዲሱ አየር ጋር ይቀላቀልና ሞተሩ በሚኒሞ ላይ ሲቆም እየተንገጫገጨ ይደልቃል። ተመልካች ይወደዋል። ነገር ግን ገበያ ላይ የሚያጓራ በሬ ሁሉ ሞፈር አይጎትትም። ያ ድልቂያ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር በትክክል አለመተንፈሱን ይናገራል፤ የአየር መሳብ ኃይሉ ስለሚቀንስም በእርሱ የሚታገዘው የፍሬን ፔዳል ለመርገጥ ይከብዳል። ከጭቃው ወጥቶ በአስፋልት ወደ ቤቱ ለሚመለስ መኪና ይህ የደኅንነት ጉዳይ ነው።

ካምሻፍት ብቻውን አይገዛም። ከፍ ያለ ጉብታ ከእርሱ ጋር የሚስማማ የቫልቭ ሞላ ይፈልጋል። ጭቃ ላይ ጎማው ድንገት ሲለቅ ዙሩ ስለሚዘል፣ የደከመ ሞላ ቫልቩን በሰዓቱ ስለማይመልሰው ፒስተን ከቫልቭ ጋር እስከ መጋጨት ይደርሳል፤ ዙር መገደቢያ ማስገባት ከዚህ ያድናል። የአውቶማቲክ ካምቢዮው ቶርክ ኮንቨርተርም ሞተሩ ወደ ጉልበቱ ክልል እንዲገባ የሚፈቅድ መሆን አለበት፤ ለ268 ከ2000 እስከ 2500 ዙር የሚለቅ ዓይነት ይስማማል።

ከሁሉም በላይ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ይከበር። እነዚህ ካምሻፍቶች በጠፍጣፋ ታፔት የሚሠሩ ናቸው፤ ጉብታውና ታፔቱ ብረት ለብረት ይፋተጋሉ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ ለተራ መኪኖች የሚዘጋጀው የሞተር ዘይት እንዲህ ያለውን ፍትጊያ የሚከላከለው የዚንክና የፎስፎረስ መጠኑ ተቀንሷል። ስለዚህ ለመለማመጃ የተዘጋጀ ዘይት መጨመር፣ ጉብታዎቹን ቅባት መቀባት፣ ሞተሩ እንደተነሳ በሚኒሞ ሳያቆዩ ወደ 2000 ዙር ማድረስና ከ20 እስከ 30 ደቂቃ እዚያው አካባቢ እያለዋወጡ ማቆየት ግድ ነው። ይህ ካልተደረገ አዲሱ ጉብታ ተፍቆ፣ ብናኙ በዘይቱ ተጉዞ የሞተሩን ሌሎች ክፍሎች ያበላሻል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ጎማውን ይወስኑ፣ ለጎማው የሚሆን ማርሽ ያስገቡ፣ ጭቃው ሞተሩን የሚያወርድበትን ዙር ያስሉ፣ እመቃውንና ቴስታታውን ይመርምሩ፤ ካምሻፍቱን ከዚያ በኋላ ይምረጡ። በሁለት ካምሻፍቶች መካከል ካመነቱ ደግሞ ትንሹን ይግዙ።