ልጁስ ውኃ አይጠማውም?

ሞያሌ ውስጥ ልጇን ጡት የነፈገች እናት አላየሁም ማለት ይቻላል። ቦረናዋም፣ ገብራዋም፣ ገሪዋም፣ ቡርጂዋም፣ ከኢትዮጵያ በኩል ተሻግራ የምትመጣው አማርኛ ተናጋሪዋም ታጠባለች። በኬንያው ሞያሌ የእናቶችና ሕፃናት ክፍል የምንሠራ ነርሶች «እባክሽ አጥቢ» ብለን የምንለምነው ሰው የለም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ሕፃኑ ገና በሦስት ወሩ የሚቀምሰው ውኃና፣ ዓመት ሳይሞላው በአንድ ሌሊት የሚቀማው ጡት። እነዚህን ሁለቱን ለየብቻ የሚያያቸው ብዙ ሰው ነው። እኔ ግን ብዙውን ጊዜ ሁለተኛውን የሚያመጣው የመጀመሪያው ነው ባይ ነኝ።

የውኃው ነገር የሚነሳው በ14ኛው ሳምንት የክትባት ቀጠሮ ላይ ነው። አያትየዋ አብራ ትመጣለች። ሕፃኑ መርፌውን ተወግቶ ሲያለቅስ የላይኛውን ከንፈሩን በጣቷ ገለጥ ታደርግልኛለች። መሐሉ ላይ ቆዳው ነጣ ብሎ ተልጧል። «ሲስተር፣ ይኸው ደርቋል። ልጁስ ውኃ አይጠማውም?» ትለኛለች። ልጣጩ የሚመጣው ከመጥባት ነው፤ ደህና አድርጎ በሚስብ ሕፃን ከንፈር ላይ ይወጣል፤ መድኃኒትም ሳያስፈልገው ይጠፋል። «አኮ (አያቴ)፣ ትናንት ስንት ጊዜ ሸና?» ብዬ እጠይቃለሁ። «ኧረ ጨርቅ አልደርስ ብሎን ነው የዋልነው!» ይሆናል መልሱ። በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚሸና ሕፃን ውኃ አልጠማውም። ይህን ስነግራት አንዳንዷ ትስቃለች፤ አንዳንዷ አታምነኝም።

አለማመኗ ይገባኛል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 መጀመሪያ ድረስ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ቦረናና ማርሳቢት ከብታቸውን ቀብረዋል። ጥማት ምን እንደሚያደርግ በዓይኗ ያየች ሴት ለልጅ ልጇ ውኃ ስትሰጥ ያላትን ትልቁን ነገር መስጠቷ ነው። ስለዚህ «ውኃ ጎጂ ነው» ብዬ አልጀምርም። ከጡት ወተት ውስጥ 88 በመቶው ውኃ እንደሆነ፣ ሕፃኑም በጠባ ቁጥር እየጠጣ እንደሆነ እነግራታለሁ። ከዚያ ቤት ያለው ውኃ ከየት እንደመጣ እጠይቃለሁ። በአህያ ጋሪ ከሚዞረው ጀሪካን ነው፤ ጀሪካኑ ከየት እንደተቀዳ የሚያውቅ የለም። ያ ውኃ ለትልቅ ሰው ሆድም አይመችም፤ ለሦስት ወር ሕፃን ደግሞ ተቅማጥ ነው።

ውኃው ያለጊዜው እንደሚገባ ቁጥሩም ይናገራል። ስድስት ወር ካልሞላቸው የኬንያ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት እ.ኤ.አ. በ2008/09ኙ አገር አቀፍ የጤና ጥናት 32 በመቶ ነበሩ፤ በ2014 ወደ 61 በመቶ ወጡ፤ በ2022 ግን 60 ላይ ቆሙ። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. የ2016ቱ ጥናት 58 በመቶ ይላል። በዕድሜ ሲዘረዘር ግን ሁለት ወር ካልሞላቸው 74 በመቶ የነበረው በአራትና አምስት ወራቸው ወደ 36 በመቶ ይወርዳል። መሐል ላይ የሚጎድለው እዚያው 14ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። እናትየዋ ያን መርፌ አስወግታ ከሄደች በኋላ በየወሩ ለሚዛን ነይ ብትባልም መርፌ ከሌለ አትመጣም፤ የምናያት ለስድስት ወሩ ቫይታሚን ኤ ነው፤ አንዳንዷንም ለዘጠኝ ወሩ የኩፍኝ ክትባት።

ከውኃው ቀጥሎ የግመል ወይም የላም ወተት ይመጣል። ወተት እዚህ አገር ክብር ነው፤ ከስድስት ወር በኋላም ፈልቶ ከገንፎ ጋር ሲሰጥ የሚተካው ነገር የለም። ሳይፈላ፣ ገና በሦስትና በአራት ወር ሲሰጥ ነው የምከለክለው። ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ ያመጣል፤ በሰሜን ኬንያ ብርቅ በሽታ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የሕፃኑ ሆድ በውኃና በወተት ሲሞላ ጡት የሚስብበት ጊዜ ያንሳል። ማጥባት ደግሞ ራሱ እርግዝናን ይከላከላል፦ ልጁ ስድስት ወር ካልሞላው፣ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ ከጠባ፣ የወር አበባም ካልተመለሰ፣ መከላከያው ከ98 በመቶ በላይ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አይሠራም። የሦስት ወሩ ኩባያ ውኃ የሚያጎድለው ይህን ነው። እናትየዋ ሌላ መከላከያ አልያዘችም፤ «እያጠባሁ አይደል?» ብላ ተማምናለች። ልጁ ዓመት ሳይሞላው ታረግዛለች።

ያኔ ጡቱ በአንድ ቀን ይቆማል። የእርጉዝ ወተት ለትልቁ ልጅ መርዝ ነው፣ ለሚወለደው የተቀመጠ ነው የሚለው እምነት ድንበር አያግደውም፤ ወዲህም ወዲያም አንድ ነው። ጡት ላይ እሬት ይቀባል። ልጁ ካልተወ ገጠር አያቱ ጋ ይላካል። ወተቱንም እናቱንም በአንድ ቀን ያጣል። ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ የክንዱን መለኪያ አጠልቅለታለሁ፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ሲሆን ቀዩ ላይ ያርፋል። እግሩን በጣቴ ስጫነው ጉድጓዱ ሳይሞላ ይቆያል። ያ ልጅ ከወር በፊት ይስቅ የነበረ ልጅ ነው።

የእርጉዝ ወተት መርዝ አይደለም። ይቀንሳል፣ ጣዕሙም ሊለወጥ ይችላል፤ ደም ካልታያት፣ ከዚህ በፊትም ያለጊዜዋ ወልዳ ካላወቀች ማጥባቷን መቀጠል ትችላለች። ማስጣል ካለባትም ቀስ በቀስ ታስጥል፦ መጀመሪያ የቀኑን አንዱን፣ ከቀናት በኋላ ሌላውን፣ የሌሊቱን መጨረሻ ላይ፤ በተወችው ፋንታ ምግብ እየተካች። ልጁም ከእናቱ ጋር ይቆይ። ሙስሊም እናቶች ቁርኣን ሁለት ሙሉ ዓመት እንደሚል ራሳቸው ያነሱልኛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚለውም ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደሟ ያለባትም እናት መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ከወሰደች ስድስት ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያም ምግብ እየጨመረች ማጥባት ትችላለች። የድሮውን «ቶሎ አስጥይ» ምክር ይዘው በፍርሃት የሚያቆሙ አሁንም አሉ፤ ያሳዝኑኛል።

ሌላው እንቅፋት ሥራ ነው። ሽንኩርት ወይም ወተት ይዛ በማለዳ ድንበር የምትሻገር እናት ልጁን ቤት ትታ ትውላለች። ጡቷን አልባ እንድትተውለት ስመክራት «ሰው እንደ ከብት ይታለባል?» ትለኛለች። የታለበው ወተት በንጹሕ ኩባያ ተከድኖ ጥላ ውስጥ ለአራት ሰዓት ያህል ይቆያል፤ በጡጦ ሳይሆን በኩባያው ይጠጣል፤ አንዴ የሞከረችው ትቀጥላለች። የኬንያ የ2017 የጤና ሕግ ቀጣሪዎች የማጥቢያ ክፍል እንዲያዘጋጁ ያዛል። ጉሊት የምትቀመጥ እናት ግን ቀጣሪ የላትም፤ ሕጉ አልደረሰላትም።

በሁለቱም ሞያሌ አራስ ያለባችሁ ቤተሰቦች፣ ለ14ኛው ሳምንት ክትባት ስትመጡ አያትየዋን ይዛችሁ ኑ፤ ባልየውም ይምጣ። ስለ እርግዝና መከላከያውም የዚያኑ ቀን ጠይቁን። የገበያ ኮሚቴዎችም ከገበያው አጠገብ በርና ጥላ ያላት አንዲት ክፍል ለአጥቢዎች ስጡ። ልጁ ስድስት ወር እስኪሞላው ድረስም ቤት ያለውን ንጹሕ ውኃ እናቱ ትጠጣው።