ስለ ትንሽ ሣጥን አሠራር

የላንጋኖ ሐይቅ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ይገኛል፤ ውሃው ቡናማ፥ ዳርቻውም የግራር አገር ነው። ግራር ድርቅን የሚችል፥ ጥላው ሰፊ፥ ፍሬው ለፍየል መኖ የሚኾን ዛፍ ነው፤ ግንዱ ግን ብዙውን ጊዜ አጭርና ጠማማ ነው። ስለዚህ ረጅም ሳንቃ የሚሻ ሰው ዝግባና ጥድ ወደሚበቅልበት ወደ ሙኔሳ ደጋ ይመለከታል፤ ትንሽ ሣጥን ለሚሠራ ግን ግራሩ ይበቃዋል።

ግራርንም መናቅ አይገባም። በኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 25 ሙሴ ታቦቱን ከግራር እንዲያሠራ ታዘዘ፤ የግዕዙ መጽሐፍ ደግሞ የማይነቅዝ ዕንጨት ይለዋል። ርዝመቱ 2 ክንድ ተኩል፥ ወርዱና ከፍታው 1 ክንድ ተኩል ነበረ። ልብ አድርጎ ላነበበው በዚህ ትእዛዝ ውስጥ የአናጢ ትምህርት አለበት፤ ልኩ ከመጥረቢያው በፊት መጣ፤ የሚሸከሙበት ቀለበትና መሎጊያ፥ የሚቀመጥበትም ነገር ዐብሮ ተነገረ፤ ወርቁም በውጭ ብቻ ሳይኾን ማንም በማያየው በውስጡ እንዲለበጥ ታዘዘ።

ችኩል ሰው ግን ቈርጦ ካበቃ በኋላ ያስባል። አንድ ተማሪ ርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ለኾነ መጽሐፍ በውጭ 32 ሳንቲ ሜትር የኾነ ሣጥን ቢሠራ፥ የሳንቃውም ውፍረት 2 ሳንቲ ሜትር ቢኾን፥ ኹለቱ ጎኖች 4 ይወስዱና ለውስጡ 28 ብቻ ይቀራል። ሣጥኑ ምንም ቢያምር መጽሐፉ አይገባም። ክንድም እንደ ሰዉ ይለያያልና በአባት ክንድ የተለካ ጎን በልጅ ክንድ ከተለካ ክዳን ጋራ አይገጥምም።

እንዲህ የተበላሸ ሳንቃ ከምድጃ በቀር መኼጃ የለውም። ከላንጋኖ በስተ ምዕራብ በአብያታና በሻላ ሐይቆች ዙሪያ በተከለለው ብሔራዊ ፓርክ ብዙ ግራር ለከሰል ተቈርጧል። ዛፉ ለማደግ ብዙ ዓመት ይፈልጋል፤ ከሰሉ በጥቂት ቀን ዐመድ ይኾናል። ኾኖም ከሰል የሚያከስለው ድኻ ለልጆቹ እህል ይገዛበታል፤ ሳይለካ የሚቈርጥ አናጢ ግን ምን ምክንያት ያቀርባል?

እርጥብ ዕንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ እምብዛም አይቀንስም፤ በወርዱ ግን ይጠብባል። በፀሓይ ከተጣደፈ ይሰነጠቃል፥ ይጣመማልም። ስለዚህ ሳንቃውን ከጥላ በታች ደርድሮ፥ ነፋስ እንዲያልፍበት በየመካከሉ ቀጫጭን ዕንጨት አግብቶ፥ ለብዙ ወራት ማቈየት ነው። ከዳር ያለው ነጣ ያለ ክፍል ነቀዝ ይወደዋልና ተጠርቦ ይጣል፤ ልቡ ይወሰድ። ግራር ጠንካራ ስለ ኾነ ምስማር ያጐብጣል፤ አስቀድሞ በመሰርሰሪያ መብሳት ያሻል። ከሥሩም አራት አጫጭር እግር ይደረግለት፤ ምስጥ ከመሬት ሲወጣ መንገዱን በእግሩ ላይ በጭቃ ይሠራልና፥ ባለቤቱ ጠዋት ሲጠርግ ያየዋል።