ልጆች ቢላ ሲጠይቁ

እኅቶች፣ የማዳም ልጅ «ሲኪን ስጪኝ፣ እኔም ልክተፍ» ሲል መጀመሪያ እናቱን ጠይቁ፤ ሳትፈቅድ አታስይዙት። ከፈቀደች በጠረጴዛ ቢላ፣ በሙዝና በተላጠ ኪያር አስጀምሩት፤ ከጎኑም አትራቁ። መክተፊያው እንዳይንሸራተት ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አንጥፉ። ኪያሩን የያዘበትን እጅ ጣቶች ወደ ውስጥ ማጠፍ ይልመድ። ከፍ ሲል የምትሰጡት ቢላ የተሳለ ይሁን። ብዙዎቻችን ዱልዱሙ ይሻላል እንላለን፤ ነገር ግን ዱልዱም ቢላ ኃይል ስለሚጠይቅ ያመልጣል። ቢላ በአረፋ ውኃ ውስጥ አትተዉ፤ ትንሽ እጅ ሳያይ ይገባበታል።

ከቆረጠው በንጹሕ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ሳትገልጡ ተጫኑት፤ እጁንም ከፍ አድርጉ። ደሙ ካልቆመ ወደ ቀይ ጨረቃ አምቡላንስ፣ 997 ይደወል። ለማዳም ወዲያው ንገሩ፤ አትደብቁ። ቁጣዋን ፈርታችሁ ከቤት ብትወጡ ግን ሀሩብ ሊያስመዘግቡባችሁ ይችላሉ።