«ዘራችን ሊያልቅ ነው» ወይስ «ሰው በዛ»?

በሚዛን አማን ሻይ ቤቶችም ሆነ በቴፒ ገበያ ስለ ወሊድ ወሬ ከተነሳ ሁለት ሥጋት ጎን ለጎን ይሰማል። አንዱ «ሰው በዛ፣ መሬት አለቀ» ነው። ሌላው «በመርፌ ዘራችንን ሊያጠፉት ነው» ይላል። ሁለቱ አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም፤ ሆኖም አንድ ሰው የመጀመሪያውን በአቦል፣ ሁለተኛውን በቶና ሲናገር መስማት ብርቅ አይደለም።

«መርፌው መካን ያደርጋል።» ከሚሰሙት ወሬዎች ሁሉ የበረታው ይህ ነው፤ ከባዶ የተፈጠረም አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡ መቶ ሴቶች 36ቱ የወሊድ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር፤ ከእነዚህ 23ቱ የመረጡት መርፌ ነው። በየሦስት ወሩ የሚሰጠውን መርፌ ያቆመች ሴት ወዲያው ላታረግዝ ትችላለች። ከመጨረሻው መርፌ አንስቶ በአማካይ 10 ወር ገደማ ይፈጃል፤ ከዚያም በላይ የሚቆይባት አለች። አማት ወር ስትቆጥር፣ ጎረቤት ሲንሾካሾክ፣ መዘግየቱ መካንነት ተብሎ ያርፈዋል። መርፌው ግን ማህፀን አያደርቅም፤ የመድኃኒቱ ኃይል ከሰውነት ሲወጣ የማርገዝ አቅም ይመለሳል። ክንድ ውስጥ የሚቀበረውና ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው መከላከያ ከወጡ ደግሞ ይህን ያህል መጠበቅ የለም። እኔ ከወሬኛው ይልቅ የምወቅሰው የችኮላ ምክርን ነው። መዘግየቱ አስቀድሞ የተነገራት ሴት አትደነግጥም፤ ቶሎ መውለድ የምትሻውም ሌላ ዘዴ ትመርጣለች።

«መንግሥት እንደ ቻይና ሊያደርገን ነው።» ቻይና ከ1980 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. አብዛኛውን ቤተሰብ በአንድ ልጅ ወስና፣ ከዚያ ያለፈውን ትቀጣ ነበር። ህንድም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሚሊዮኖችን፣ ብዙዎቹን በማስገደድ፣ አምክናለች። የኢትዮጵያ የ1985 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ ያለመው አንዲት እናት በአማካይ የምትወልደውን ከ7.7 ወደ 4 ማውረድ ነበር፤ ለአንድ ቤተሰብ ይህን ያህል ልጅ የሚል ጣሪያ አላበጀም። ፖሊሲው ያስቀመጠው ቀነ ገደብ ሲደርስም ግቡ አልተመታም፤ የ2008ቱ ጥናት ያገኘው 4.6 ነበር፣ በያኔው የደቡብ ክልል 4.4።

አዲስ አበባን ደግሞ ተመልከቱ። በ1992 ዓ.ም. በተካሄደው ተመሳሳይ ጥናት የከተማዋ አማካይ 1.9 ነበር፤ ትውልድ ራሱን ለመተካት ከሚያስፈልገው 2.1 በታች ማለት ነው። ማንም አላዘዘም። አጥኚዎች ያገኙት ምክንያት የጋብቻ መዘግየት፣ የሥራ ማጣትና የቤት ችግር ነው። ኪራይ የሚከፍል ሰው ይህን ለማወቅ ጥናት አያሻውም።

«ልጅ ከቀነሰ ሕዝብ መቀነሱ አይቀርም።» ወደፊት፣ ምናልባት። በደቡብ ኮሪያ አንዲት እናት በአማካይ የምትወልደው በ2023 እ.ኤ.አ. 0.72 ደርሷል፤ በጃፓን ከመቶ ሰው 29 ያህሉ 65 ዓመት የሞላው ነው። እኛ ዘንድ በ2008ቱ ጥናት ከመቶ 47ቱ ከ15 ዓመት በታች ሲሆኑ፣ 65ን ያለፉት 4 ያህል ብቻ ነበሩ። የቡና ገበሬ ነገሩን ያውቀዋል፦ ዘንድሮ ችግኝ ባይተክል እንኳ ካቻምናና ከዚያ በፊት የተከለው ገና ፍሬ መስጠት ይጀምራል። የዛሬዎቹ ሕፃናት አድገው እያንዳንዳቸው ጥቂት ቢወልዱም ቁጥሩ ለአሥርት ዓመታት ይጨምራል።

«ብዙ ያልወለደ ጧሪ ቀባሪ የለውም።» ይህን ተረት ብዬ ለማለፍ ይከብደኛል። በ1992ቱ ጥናት ከሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ ከስድስት አንዱ ማለት ነው። ያኔ ሰባት መውለድ ስሌት ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። መሬቱም ያው አይደለም፤ የአባት የቡና ማሳ ለአምስት ወንዶች ሲከፈል አንዱንም በቅጡ የማይመግብበት ጊዜ ብዙ ነው። መሬት የሌላቸው አምስት ልጆች ያሉት አባት፣ ሥራ የያዙ ሁለት ልጆች ካሉት ይልቅ የተሻለ ጧሪ አለው ማለት ያስቸግራል። ግን ሌላ ምን አለው? የጡረታ ዋስትና ለመንግሥት ሠራተኛ፣ ከ2003 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህም ለግል ድርጅት ተቀጣሪ ነው፤ ለገበሬ የለም። እድርም ይቀብራል እንጂ አይጦርም። ስለዚህ እምነቱ የቀጠለው ገበሬው ማስላት ስላቃተው አይመስለኝም።

«ጫካውን የጨረሰው ውልደት ነው።» በከፊል ብቻ። ደርግ በ1977 እና 1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600 ሺህ ያህል ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አስፍሯል፤ ያኔ ከፋና ኢሉባቦር ይባሉ የነበሩት ክፍለ ሀገሮች ከተቀባዮቹ ነበሩ። የቴፒና የበበቃ ሰፋፊ የቡና እርሻዎችም ደን ገብተው ነው የተስፋፉት፤ ለለቀማ የመጣውም ሰው ሁሉ አልተመለሰም። ስድስት የወለደችው የቤንች ወይም የሸኮ እናት ከላይ በወጣ ትእዛዝ ለተመነጠረ ሄክታር ስትወቀስ ፍትሕ አይመስለኝም።

ሻይ ቤት ውስጥ «አሁን የዞናችን ሕዝብ ይህን ያህል ነው» የሚል ካለም የሚናገረው ግምት ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ቤንች ማጂ ዞን ወደ 650 ሺህ ሰው ነበረው። ከዚያ ወዲህ ዞኑ ራሱ ቤንች ሸኮና ምዕራብ ኦሞ ተብሎ ለሁለት ተከፍሏል፤ ቆጠራው ግን በተደጋጋሚ ተራዝሞ አልተካሄደም።