መቱ ሲመሽ

ትልቅ ከተማ ውስጥ ሰው የሚያመሸው ብዙውን ጊዜ ላለመታወቅ ነው። ሰፈሩን ለቅቆ፣ ጎረቤት የማያየው ቦታ ሄዶ፣ ማንነቱን የማይጠይቁት ቤት ገብቶ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ1969 ፖሊስ ሲወርረው ደንበኞቹ እምቢ ያሉበት የኒው ዮርኩ ስቶንዎል ኢን እንዲህ ዓይነት ቤት ነበር፤ ሌላ ቦታ በግልጽ አብረው መቀመጥ የማይችሉ የተመሳሳይ ጾታ ፍቅረኞች የሚገናኙት እዚያ ነበር። እኛ አገር የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ስለሚያስቀጣ እንዲህ ያለ ቤት ምልክት ሰቅሎ አይሠራም። ላለመታወቅ የሚያመሹበት ሰፈር ግን አዲስ አበባም አላጣችም። ውቤ በረሃ ነበራት፤ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ»ን የጻፈው ስለዚያው ሰፈር ሌሊት ነው። ካዛንቺስ ነበራት፣ ከነአዝማሪ ቤቶቹ፤ እሱንም በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ጠረገው።

መቱ እንዲህ ያለ ሰፈር የላትም። ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በሶር ወንዝ አቅራቢያ የተቀመጠች የኢሉባቦር ከተማ ናት። መታወቅ ለማይፈልግ ሰው አትመችም። ማታ ከቤቱ የወጣ ሰው ሦስት ደጃፍ ሳያልፍ ስሙን ጠርቶ ሰላም የሚለው ያገኛል፤ የት እንዳመሸም ሲነጋ ይታወቃል። ምሽቷ በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ተበትኖ ነው የሚገኘው፦ እዚህ ድራፍት ቤት፣ እዚያ ሥጋ ቤት ከነመጠጡ፣ ገባ ሲሉ ደግሞ ጠጅ ቤት። ቢሆንም ትልልቆቹ ከተሞች የሌላቸው አንድ ነገር አላት። የሚጠጣው ጠጅ፣ የሚከፈለው ገንዘብ፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስም የሚጠጣበት መብራት፣ ሦስቱም ከዚያው ከአካባቢው ጫካ የሚወጡ ናቸው።

ከመብራቱ እንጀምር፤ ታሪኩ አጭር ነው። ከመቱ ራቅ ብሎ ሶር ከገደል የሚወርድበት ፏፏቴ አለ። በዚሁ ወንዝ ላይ በ1980ዎቹ መጀመሪያ 5 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ተሠርቶ መቱንና በዙሪያዋ ያሉትን ከተሞች ማብራት ጀመረ። በታላቁ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ሲሰላ አንድ ሺኛው እንኳ አይሞላም። ያኔ ግን ከኩራዝና ከጄኔሬተር ለወጣ መጠጥ ቤት ይህች 5 ሜጋ ዋት ማለት ቴፕ ሪከርደር፣ ፍሪጅና ቀዝቃዛ ቢራ ማለት ነበረች። ወንዙን የሚመግበው ዝናቡ ነው፤ የመቱ ጎረቤት ጎሬና አካባቢዋ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛሉ፣ በአገሪቱ ብዙ ከሚዘንብባቸው ቦታዎችም ናቸው። የመቱ አምሺ ከግንቦት እስከ መስከረም የሚጨዋወተው የቆርቆሮ ጣራ ላይ ከሚወርደው ዝናብ ጋር እየተጯጯኸ ነው።

ጠጁ ረዘም ያለ ወሬ አለው።

በኢሉባቦር ጫካ ቀፎ ምድር ላይ አይቀመጥም፤ ከፍ ካለ ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ከግንድ ተፈልፍሎ ወይም ከሐረግ ተጠፍሮ የሚሠራ ረጅም ቱቦ ነው፣ በኦሮምኛ ጋጉራ ይሉታል። ንቦቹ በቀን ቁጡ ስለሆኑ ማር ቆራጩ የሚወጣው ሲመሽ ነው። ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ፣ የሚጤስ ችቦ ይዞ፣ ጨለማ ውስጥ ግንዱን እየታከከ ይወጣል። ጭሱን ወደ ቀፎው ይለቃል፣ እጁን ሰድዶ እንጀራውን ይቆርጣል፣ በዕቃ አድርጎ በገመድ ያወርዳል። ታች የቆመው ጓደኛው ተቀብሎ ሌላ ባዶ ዕቃ ይልካል። ከተሜው ብርሌውን ጨብጦ በሚያመሽበት ሰዓት ነው እንግዲህ የሚቀጥለው ዓመት ጠጅ ከዛፍ የሚወርደው።

ማሩ እንደ አበባው ይለያያል። ጌተም የተባለው ዛፍ ሲያብብ የሚቆረጠው ማር ሲረጋ ነጭ ይሆናል፤ እንግዳ ሰው ቢያየው ቅቤ ሊለው ይችላል። የብሳናው ቀላ ይላል። የግራዋው ይመርራል፤ ለመድኃኒት ብሎ የሚፈልገው ሰው አለ እንጂ ለዳቦ አይሆንም። በበደሌና በመቱ መካከል ያለው የያዩ ጫካ፣ ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ብሎ የመዘገበው፣ ስሙ የተጠራው በጫካ ቡናው ነው። ቡናውን የሚያጠሉት ዛፎች ናቸው ታዲያ ንቡን የሚቀልቡትም።

አሁን ወደ ጓሮ እንግባ። ጠጅ የሚጣለው እዚያ ነው፤ የምትጥለውም በአብዛኛው ሴት ናት። ጋኑ በወይራ ይታጠናል። ዛሬ ብዙ ቤት ጋኑን በፕላስቲክ በርሜል ተክቷል፣ ፕላስቲክ ደግሞ አይታጠንም፤ የቀድሞውን ጠጅ የሚያውቅ ሰው ሲቀምስ የሚያጣው ያንን የጭስ ሽታ ይመስለኛል። ማሩ ከነሰፈፉ፣ ከነሞተው ንብና ከነእጩ ይበጠበጣል፤ አንድ እጅ ማር ሦስት፣ ቢበዛ አምስት እጅ ውሃ። ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ ሰፈፉ ከላይ ይንሳፈፋል፣ በእጅ ተገፍፎ ይወጣል። ከዚያ ጌሾው ነው። ቅጠሉና የተከተፈው እንጨቱ ከብርዙ ጥቂት ተቀንሶለት ይፈላል፣ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ጋኑ ውስጥ ይገባል። አፉ ይታሰራል፣ በየቀኑ ተከፍቶ ይማሰላል። እንደ አየሩ ሙቀት ከሳምንት በላይ፣ አንዳንዴም እስከ ሃያ ቀን ይወስዳል። መቱ በ1,600 ሜትር ላይ ስለሆነች ቶሎ ይደርስላታል፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ተራራው ላይ የተቀመጠችው ጎሬ ግን ብርዱ ስለሚጠናባት ጋኑ ቀን ይጨምርባታል። በደንብ የተጠለለ ጠጅ አልኮሉ 10 በመቶ አካባቢ ሊደርስ ይችላል፤ ቢራ ለምዶ በቢራ ሒሳብ የሚጠጣ ሰው ይህን የሚረዳው ለመሄድ ሲነሣ ነው።

ቤቱ ራሱ ጌጥ የለውም። ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች፣ ጠባብ ጠረጴዛዎች፣ ወለሉ ላይ የፈሰሰ ጠጅና የረገፈ ኮሎ። አሳላፊዋ ትመጣለች።

«ደረቅ ነው ለስላሳ?»

«መካከለኛ የለም እንዴ፣ እህቴ?»

«አለ፣ ጋሼ። ግን ዛሬ ደረቁ ነው ያማረው።»

እንዲህ ስትል መስማት ነው። ብርሌው ሆዱ ድቡልቡል፣ አንገቱ ቀጭን ስለሆነ ጠጪው አንገቱን በሦስት ጣቱ ይይዘዋል፤ መዳፉ ሆዱን ካልነካ ጠጁ አይሞቅም። ንብ በአፉ እንዳትገባ በወረቀት ወይም በአውራ ጣት ይከደናል። ከጎን ያለው ጠረጴዛ በኦሮምኛ «ዳዲ ቶኮ ናፍ ፊዲ» (አንድ ጠጅ አምጪልኝ) ይላል፣ አሳላፊዋ በኦሮምኛ ትመልሳለች፣ ወዲያው ዞራ በአማርኛ ሒሳብ ትቀበላለች። አልኮል የማይጠጡ ሙስሊምና ጴንጤ ደንበኞች ያልፈላውን ብርዝ ያዝዛሉ። በያንዳንዱ ጠጅ ቤት ብርዝ አይገኝም፤ የሚገኝበት ቤት ግን ጓደኛሞች በሃይማኖት ሳይለያዩ አብረው ያመሹበታል፣ እኔም እንዲያ ያለውን ቤት እመርጣለሁ። ሴት ጠጪ እምብዛም አይታይም። ቤቱን የምታስተዳድረው ሴት፣ የምትጥለው ሴት፣ የምታሳልፈው ሴት፤ ተቀማጩ ወንድ። ይህን «ባህላችን ነው» ብሎ ማለፍ ይቀናል፣ እኔ ግን አይዋጥልኝም።

ገንዘቡ የሚመጣው ከቡናው ነው። ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ጥር ድረስ እሸት ቡና ይለቀማል፣ ጀንፈል ግቢ ለግቢ ይሰጣል፣ ሰብሳቢዎች ይዞራሉ፣ አይሱዙዎች ይጫናሉ። ያን ጊዜ ከተማዋ ትለወጣለች። ሰው ሥጋ በኪሎ ያዝዛል፣ ለማያውቀው ጠረጴዛ ሳይቀር ይጋብዛል። ዋናው ማር ቆረጣ ግን በሚያዝያ፣ በግንቦትና በሰኔ ነው፤ የገበሬው ኪስ በሚደርቅበት፣ ቡናው ገና ዛፍ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ባለበት ወቅት። ሁለቱ ወቅቶች አይገናኙም። ስለዚህ ጠጅ ቤት የያዘች ሴት በሰኔ ማሩን በራሷ ወይም በብድር ገንዘብ ትገዛለች፣ ክረምቱን ሙሉ ለሚያውቋት ደንበኞች በዱቤ ታጠጣለች፣ በኅዳር ቡናው ሲሸጥ ደብተሯን ትገልጣለች። ላለመታወቅ የሚያመሽ ሰው ዱቤ አያገኝም። እዚህ መታወቅ ማለት ክረምቱን መሻገር ነው። ዋጋው ወርዶ ቡናው ያልተሸጠ ዓመት ግን ደብተሩ እንደተጻፈ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል፤ አንዳንዴም ይቀራል።

ጎሬ ይህን ሁሉ ቀድማ ታውቀዋለች። የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ ነበረች፤ ራስ ተሰማ በልጅ ኢያሱ ጊዜ ሞግዚት ሆነው በ1903 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ የምዕራቡ ትልቅ ሰው ነበሩ። በዚያ ዘመን ጠጅ በብዛት የሚታየው በመኳንንቱ ግብር ላይ ነበር፤ አሳላፊው ለጌታው ከመስጠቱ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር፣ መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት። በ1890ዎቹ ባሮ ዳር የጋምቤላ ወደብ ለሱዳን ንግድ ሲከፈት የጎሬ ቡና በአጋሰስ ወደ ቆላ ይወርድ ጀመር፤ ክረምት ወንዙ ሲሞላ መርከብ እስከ ካርቱም ያደርሰዋል። ግሪኮችና ሶርያውያን ነጋዴዎች መጡ፣ እንግሊዞች ቆንስላ ከፈቱ። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲይዝ የቀረው መንግሥት ያረፈው ጎሬ ላይ ነው፤ ራስ እምሩም እዚያው ደረሱ፣ ከተማዋም እስከ 1929 መጀመሪያ ወራት ሳትያዝ ቆየች። ከጊዜ በኋላ አስተዳደሩ ወደ መቱ ወረደ፣ የጎሬም ምሽት አብሮ ቀዘቀዘ።

ቢራው የመጣው ከበደሌ ነው። ፋብሪካው በ1985 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በጠርሙሱ ወረቀት ላይ ያለው ጦጣ መቼም የጫካው ነዋሪ ነው። መንግሥት በ2003 ዓ.ም. ሐረርንና በደሌን ለሄኒከን ሲሸጥ ለሁለቱ የተከፈለው 163 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ ከዚያ ውስጥ የበደሌው ድርሻ 85 ሚሊዮን። ድራፍቱ ጠጅ ቤት የማይገቡትን ወጣቶች፣ ሴቶችን ጨምሮ፣ ወደ ምሽቱ አመጣቸው። የመቱ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣው ተማሪና መምህር ተጨመረ፤ ድራፍት ቤቶቹ ሰሜስተር ሲዘጋ እንደሚቀዘቅዙ ለማየት መቁጠር አያስፈልግም። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ አዋጅ 1112 የመጠጥ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥን፣ ከሬዲዮና ከመንገድ ዳር ሰሌዳ አውርዷል፣ የመጠጫውንም ዕድሜ ወደ 21 ከፍ አድርጓል። ጠጅ ቤቱ ለማስታወቂያ አልተጨነቀም፤ ድሮም አልነበረውም።

ጠጅን የሚፎካከረው ቢራ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ግን ተሳስቷል። ሌላው ተፎካካሪ ስኳር ነው። ማር ሲወደድ ስኳር ይጨመራል፣ ቀለሙም እንዲያምር ይደረጋል፤ ጠዋት ራስ የሚበጠብጠው እንዲህ ያለው ነው፣ ነባር ጠጪዎች በመጀመሪያው ጉንጭ እንለየዋለን ይላሉ። ሦስተኛው የገበታ ማር ነው። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ ከዚያ ማር አብዛኛው ለጠጅ ሲውል ኖሯል። ጠጅ ጣይዋ የምትፈልገው ከነሰፈፉ፣ ከነንቡ የተቆረጠውን ድፍድፍ ማር ነው። ወደ አዲስ አበባና ወደ ውጭ የሚልከው ነጋዴ ደግሞ የተጣራ፣ ጭስ ያልገባበት፣ ከዘመናዊ ቀፎ የወጣ ይፈልጋል፤ ነጩን የጌተም ማር በተለይ። ዋጋውም የተሻለ ነው። ዘመናዊው ቀፎ ቅርብ ይቀመጣል፣ ዛፍ መውጣት አይጠይቅም፣ ምርቱም ይበልጣል። ገበሬው ወደዚያ ቢያዘነብል የሚወቅሰው የለም። ጠጅ ጣይዋም ይህንኑ አይታ በሰኔ የምትገዛውን ማር ከነጋዴው ቀድማ ለመያዝ፣ ቆራጩ ገና ዛፍ ላይ ሳይወጣ ቀብድ መስጠት ግድ ይላታል።